የሰማንያ ቀን አዮዲን

የዓለምዘርፍ ተረፈ ክኒኑን የዋጠችው ኅዳር ሃያ ቀን ረፋዱ ላይ፣ አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ ነው። ባለሙያው ክኒኑን ከወፍራም የእርሳስ ዕቃ ውስጥ በረጅም መቆንጠጫ አውጥቶ በወረቀት ኩባያ ሰጣትና እሱ ራሱ ከበሩ ውጭ ቆመ። እሷ አልፈራችም። መካነ ሰላም ባለ ኮሌጅ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ኬሚስትሪ ስታስተምር ስምንት ዓመቷ ነው። በየዓመቱ ስለ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ በዓይኗ ያየችው ግን ያን ቀን ነው። ትንሽ፣ ተራ ክኒን ናት። በውሃ ዋጠቻት።

እዚያ ያደረሳት እንቅርቷ ነው። ከክረምት ጀምሮ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ጠመኔ በጣቶቿ መሃል ይሰበራል፤ ተቀምጣ ሳለ ልቧ ዳገት እንደወጣ ሰው ይመታል። ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፏት። የመካነ ሰላሙ ሐኪም ወደ ደሴ ጻፈላት፣ የደሴው ወደ አዲስ አበባ። አንገቷ ላይ ያለው ዕጢ ከልክ በላይ እየሠራ ነበር። ዕጢው አዮዲን ካገኘ ስቦ ያስገባል፤ ስለዚህ ጨረራ ያለው አዮዲን ይሰጡታል፣ ጨረራውም ያለ ቢላ ያዳክመዋል።

ስትወጣ አንድ ወረቀት ሰጧት። ለመጀመሪያው ሳምንት ብቻዋን እንድትተኛ፣ ለሃያ አንድ ቀን ደግሞ ወደ ሕፃናትና ወደ ነፍሰ ጡሮች እንዳትጠጋ ይላል። አንብባ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግሥቱ፣ በኅዳር ጽዮን፣ ወንድሟ አምባቸው ከከላላ በኩል ደወለ። አምባቸው አባታቸው ከሚያገለግሉበት ደብር አጠገብ የሚያርስ ታናሿ ነው።

«ሥርጉት በሰላም ተገላገለች» አላት፤ ሚስቱን ነው። «ሴት ናት። ክርስትና የምታነሺያት አንቺ ነሽ፣ እሷም ብላለች። መቼ ትመጫለሽ?»

«ሃያ አንድ ቀን ሳይሞላኝ አልመጣም አምባቸው። የዋጥኩት መድኃኒት ለሕፃን አይሆንም።»

ስልኩ ይቆራረጥ ነበር። የሰማው «አልመጣም» የሚለውን ብቻ ይመስላል፤ «እሺ፣ እንደፈቀደሽ» ብሎ ዘጋው።

ሳምንቱን አዲስ አበባ በተከራየችው ክፍል ብቻዋን አሳለፈች። ወደ መካነ ሰላም ስትመለስ ሚኒባሱ ላይ ልጅ የታቀፈች ሴት አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል ተነሥታ ወደ መጨረሻው ወንበር ሄደች። ሴትዮዋ እንደናቀቻት ቆጥራ መንገዱን ሙሉ ስትገላምጣት ነበር። የዓለምዘርፍ ቤቷ ገብታም በሯን ዘግታ ቀኖቿን ቆጠረች። አዮዲኑ በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል። በስምንተኛው ቀን ግማሹ ሄደ፤ በአሥራ ስድስተኛው ከቀረው ግማሹ።

የሕመም ፈቃዷን ወረቀት ግን ለኮሌጁ ዲን ለአቶ ይሄነው ልካ ነበር፤ ጥፋቱ እዚያ ላይ ሆነ። አቶ ይሄነው ወረቀቱን በመምህራን ስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። ከዚያ ወዲያ ወሬው የሱ አልነበረም። የዓለምዘርፍ ጨረር ውጣለች ተባለ። የነካችው ውሃ ይበከላል ተባለ። ከሱቅ ሳሙና ስትገዛ ባለሱቋ ብሩን ከእጇ አልቀበል ብላ ጠረጴዛ ላይ እንድታስቀምጠው በአገጯ አሳየቻት።

ታኅሣሥ አሥራ አራት፣ በሃያ አራተኛው ቀኗ፣ ወደ ሥራ ሄደች። አቶ ይሄነው ቢሮው ጠርቶ አንድ ደብዳቤ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገላት። ለተማሪዎች ደኅንነት ሲባል እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ ወደ ክፍል እንዳትገባ ታዝዛለች ይላል።

«ሃያ አንዱ ቀን አልቋል» አለችው። «የሐኪሙ ወረቀት እርስዎ ዘንድ ነው ያለው።»

«ገብቶኛል። ግን ተማሪዎቹ ፈርተዋል። ወላጅም እየደወለ ነው። ምናለ ብታርፊ?»

«አርፌ መጣሁ እኮ።»

ደብዳቤውን ሳትፈርምበት መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። በቀጥታ የሄደችው ወደ ክፍሏ ነው።

ሃምሳ ስድስት ተማሪዎች ነበሩ። ስትገባ አንድ ሁለቱ ተነሡ፣ ከዚያ ሁሉም ተነሡና ወንበራቸውን እየጎተቱ ወደ ኋላ ግድግዳ ተጠጉ። ከፊት አራት ረድፍ ባዶ ቀረ። የዓለምዘርፍ ጠመኔ አንሥታ ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለች፤ መሃሉ ላይ ነጥብ አደረገች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። እሷም አየችው።

«ነጥቡ ኒውክለሱ ነው። ዙሪያው ኤሌክትሮኖች ናቸው» አለች። «እስካሁን የተማራችሁት ቦንድ፣ አቶም ከአቶም ጋር የሚተሳሰርበት፣ ሁሉም እዚህ ውጪ ላይ የሚሆን ነገር ነው። ጨው የሚሟሟው፣ ብረት የሚዝገው፣ እንጨት የሚነደው ውጪ ባሉት ኤሌክትሮኖች ነው። ዛሬ የምንማረው ኒውክለሱ ውስጥ ስለሚሆነው ነው። እኔ የዋጥኩትን ጠይቁኝ፤ አልደብቅም።»

በመጨረሻ ሱሀይላ የምትባል፣ ከአጅባር የመጣች ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የዋጡት አዮዲን ጨው ውስጥ ካለው አዮዲን ጋር አንድ ነው?»

«ከውጪ አንድ ነው። የኤሌክትሮኖቻቸው ቁጥር እኩል ስለሆነ አንድ ዓይነት ቦንድ ይሠራሉ። ለዚህ ነው አንገቴ ሊለያቸው ያልቻለው። ልዩነታቸው ኒውክለሱ ውስጥ ነው። የጨውሽ ኒውክለስ የተረጋጋ ነው፤ የኔው ግን ጨረራ እየረጨ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይቀየራል።»

«ቢቀቅሉት ቶሎ ያልቃል?»

«አያልቅም። ብትቀቅይው፣ ቦንዱን ብትበጥሺው፣ በአሲድ ብታጥቢው ኒውክለሱ አይሰማም። በራሱ ጊዜ ነው የሚሄደው። ደብዳቤ ብትጽፊበትም አያዘገየውም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቶሎም ዝም አለ።

ሁሉም እንዲቆሙና የአንድ ብር ሳንቲም እንዲያወጡ አዘዘቻቸው፤ የሌለው ከጓደኛው ተዋሰ። «ወርውሩት። አንበሳው የወጣለት ይቀመጥ፣ ሚዛኑ የወጣለት ቆሞ ይቆይ። አንዱ ውርወራ ስምንት ቀን ነው።» ወረወሩ። ሃያ ዘጠኙ ተቀመጡ። የቆሙት እንደገና ወረወሩ፣ አሥራ ሦስቱ ተቀመጡ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወረወር ሰባት ብቻ ቆመው ቀሩ።

«ማን እንደሚቀመጥ ቀድሞ የሚያውቅ ነበር?»

«አልነበረም» አሉ።

«ስንት እንደሚቀመጥ ግን በግምት ይታወቃል። ሃያ አራት ቀን ሦስት ውርወራ ነው። ከስምንት እጅ አንዱ ቀርቷል ማለት ነው፤ ይህም ሰውነቴ በሽንት ያስወጣውን ሳንቆጥር ነው። የሐኪሙ ሂሳብ ሁለቱንም ቆጥሮ ሃያ አንድ ቀን ብሏል። እኔ ሃያ አራት ቀን ቆየሁ።»

ሱሀይላ ደብተሯን ሰበሰበች። ከኋላ ተነሥታ በባዶዎቹ ወንበሮች መሃል አለፈችና ከሰሌዳው ፊት ለፊት፣ በመጀመሪያው ረድፍ ተቀመጠች። ሌላ የተከተላት የለም። አቶ ይሄነው በሩ ላይ ቆሞ አገኙት፤ መቼ እንደመጣ ማንም አላየም።

«መምህርት የዓለምዘርፍ፣ ደብዳቤ ተሰጥቶዎታል» አለ። በተማሪ ፊት ሲሆን አንቱ ይላታል።

«ተሰጥቶኛል።»

«ታዲያ?»

«ደብዳቤው ላይ ቁጥር የለም። ስንት ቀን ሲሞላ ነው ሰው የማልጎዳው? ስንት ከመቶ ሲቀር? እሱን ይጻፉልኝና እታዘዛለሁ።»

«ለጥንቃቄ ነው።»

«ጥንቃቄውን እኔ ጨርሼዋለሁ። መጠንቀቅ በሚያስፈልግበት ጊዜ የወንድሜን ልጅ ለማየት እንኳ አልሄድኩም። አሁን የቀረው ፍርሃት ነው፤ ለፍርሃት ብዬ ክፍል አልዘጋም። ማባረር ከፈለጉ ያባርሩኝ። አደገኛ ነች ብለው ግን አይጻፉ፤ ውሸት ስለሆነ።»

አቶ ይሄነው ተማሪዎቹን አየ። ሃምሳ ስድስቱም እሱን ያዩ ነበር። ክርክሩን እዚያው መቀጠል አልፈለገም፤ «እናያለን» ብሎ ሄደ።

በነጋታው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። በሳምንቱ ክፍለ ጊዜዋ ለሌላ መምህር ተሰጠ። እሷ ሰዓቷን ጠብቃ ገባች፤ የተተካው መምህር እስከ በሩ መጥቶ ድምጿን ሲሰማ ተመለሰ፣ ደግሞም አልመጣም። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ፊት መጡ፤ አንዳንዶቹ ግን ሴሚስተሩን በሙሉ ከኋላ ግድግዳ አልተላቀቁም፤ እሷም አላስገደደቻቸውም። ጥር ሊያልቅ ሲል አቶ ይሄነው ሌላ ደብዳቤ ጻፈ፦ መምህርቷ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሥራ ገበታዋ የተመለሰች መሆኑ ይታወቅ። የዓለምዘርፍ ከታች በእጇ «አልተመለስኩም፤ ስላልሄድኩ» ብላ ጽፋ ፋይል እንዲደረግላት መዝገብ ቤት ሰጠችው።

ያ ሁሉ አልከበዳትም። የከበዳት አምባቸው ነው።

ከክርስትናው አንድ ሳምንት ሲቀረው በገበያ ቀን ወደ መካነ ሰላም መጣ። ቤቷ አልገባም፤ ከደጅ ቆሞ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያቀያይር ነበር።

«ክርስትናዋን ፈንታዬ ታነሣታለች» አላት። ፈንታዬ የቅርብ ጎረቤታቸው ናት። «አንቺ መምጣትሽም ይቅር። ሰው ሰምቷል። አንቺ ካለሽ እህል አንቀምስም ያሉ አሉ።»

«ሥርጉት ነች ያለችው?»

«እኔ ነኝ የምልሽ።»

«ስማ አምባቸው። ያን ጊዜ ደውለህ ነይ ስትለኝ ብመጣ ኖሮ ልጅህን ልጎዳት እችል ነበር። ያን ጊዜ አንተ አልፈራህም፤ ለብቻዬ ፈርቼ ቀረሁ። አሁን የሚያስፈራ ነገር የለም። የካቲት አሥር እመጣለሁ። ክርስትና አታነሺያትም ካላችሁኝ እሺ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ግን ማንም አያስወጣኝም።»

አምባቸው አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

የካቲት ዘጠኝ ቀን በጭነት መኪና እስከ ከላላ ሄዳ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ወጣች። መጀመሪያ የገባችው አባቷ ዘንድ ነው። መሪጌታ ተረፈ ከደብሩ ቅጥር አጠገብ ባለች ጎጇቸው ውስጥ ብራና ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። የአገሩን በዓላትና አጽዋማት አስልተው የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቢቀራቸውም በቁጥር አይታሙም።

«ሰው የሚለውን ሰማሁ» አሏት፣ ጉልበታቸውን ስማ እንደተቀመጠች። «አንቺ ደግሞ ምን ትያለሽ? ሂሳቡን ንገሪኝ።»

«በየስምንት ቀኑ ይገመሳል አባዬ። የዋጥኩት ኅዳር ሃያ ነው፤ ነገ ሰማንያ ቀኔ።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው አንጓ መቁጠር ጀመሩ። ግማሽ፣ ሩብ፣ ሲሶ አይደለም፣ የሩብ ግማሽ፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። አሥር ጊዜ ገመሱና ዓይናቸውን ገለጡ።

«ከአንድ ሺህ ሃያ አራት እጅ አንዱ።»

«ትክክል ነው።»

«እና ያልቃል?»

«ይኸው አልቋል የሚሉት ቀን የለውም። እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል።»

«እንዲህ ብለሽ ሰው አታሳምኚም። አልቋል በይ።»

«ሰው ለማሳመን አልዋሽም አባዬ። በእርስዎም ውስጥ አለ እኮ፤ አዮዲኑ ሳይሆን ፖታሲየም የሚባል ሌላ። ከድንቹም ከባቄላውም የሚገባ ነው፤ ጥቂቱ ጨረራ ይረጫል። በሁላችንም አጥንትና ሥጋ ውስጥ አለ። ነገ በእኔ ውስጥ ከቀረው ይልቅ ያ ሳይበልጥ አይቀርም።»

መሪጌታ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እንግዲያ እኔም ከቅኔ ማኅሌት ልባረር ነው» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱና «ሂጂ፣ ሥርጉትን አነጋግሪ። ልጅቷ የእሷ ናት» አሏት።

ሥርጉት ከቤቱ ጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ለነገ ድግስ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ሕፃኗ አጠገቧ ቁርበት ላይ ተኝታለች። የዓለምዘርፍን ስታይ አልተነሣችም፤ ቢላዋዋንም አላቆመችም። የዓለምዘርፍ አራት አምስት እርምጃ ርቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«ፈርተሽኝ ነው?» አለቻት።

«ልፍራሽ?» አለች ሥርጉት። «እኔ ስለ ጨረር ምን አውቃለሁ። ሰው ይናገራል፣ እሰማለሁ። የከፋኝ ሌላ ነው። ሁለት ሌሊት አምጬ ነው የተገላገልኳት። አገሩ ሁሉ መጥቶ እንኳን ማርያም ማረችሽ አለኝ። አንቺ አልመጣሽም እትዬ። ጠብቄሽ ነበር። አምባቸውን አትመጣም ወይ እያልኩ ስጠይቀው፣ አልመጣም ብላለች ይለኛል።»

«ለምን እንዳልመጣሁ አልነገረሽም?»

«አልነገረኝም። አሁን ሰው ሲያወራ ነው የገባኝ። ሲገባኝም ባሰብኝ፤ እኔን ለምን አልነገርሽኝም? ስልክ ነበረኝ።»

የዓለምዘርፍ ለዲኑ ወረቀት ልካለች፤ ለተማሪዎቿ በሰሌዳ አስረድታለች፤ ለዚህች ሴት ግን ቀጥታ አልደወለችም። በወንድሟ በኩል የነገረቻት መስሏት ነበር።

«እሱስ አጥፍቻለሁ» አለች። «በሌላው ሁሉ ማንም አይረታኝም። በዚህ ግን ረታሽኝ።»

ሥርጉት በክንዷ ዓይኗን ጠረገች፤ ከሽንኩርቱም ነበር።

«የዚያን ጊዜ ብትመጪ ትጎጃት ነበር?»

«ልጎዳት እችል ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን አልጎዳትም።»

ሥርጉት ለረጅም ጊዜ ፊቷን አየቻት። ከዚያ ሌላ ቢላዋ አንሥታ፣ እጀታውን አዙራ ሰጠቻት። እስኪመሽ ሽንኩርት ልጠው ጨረሱ፤ ስለ ክርስትናው ሌላ አላወሩም።

በማግሥቱ ማለዳ ክርስትና ቤቱ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ፈንታዬ አዲስ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ቆማለች። የዓለምዘርፍ ከሴቶቹ ጎን ስትቆም በግራና በቀኝ ክፍተት ተፈጠረ። ሁለት ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት ነው። አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች፤ ወዲያም ወዲህም አልተጠጋችም።

ቄሱ ወጥተው «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» አሉ።

ፈንታዬ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደች። ሥርጉት ግን ልጇን እንደታቀፈች በፈንታዬ ፊት አለፈች፤ በሰው መሃል አልፋ ወደ ክፍተቱ ሄደችና ሕፃኗን በየዓለምዘርፍ ክንድ ላይ አስቀመጠቻት።

«ይቺ ናት አባ» አለች።

«ሥርጉት» አለ አምባቸው በዝግታ።

«ኅዳር ላይ አብረን የጠራናት እሷን ነው» አለችው ሥርጉት፣ ፊቷን ሳታዞር። «ልጄን ብላ ሃያ አንድ ቀን የቀረች ሌላ ሰው ካለ ጥራልኝ።»

ከሴቶቹ መሃል ጉርምርምታ ተነሣ። አንዲት አክስታቸው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች፤ ሌሎች ሦስት ተከተሏት። ቄሱ ወደ መሪጌታ ተረፈ አዩ። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው «ሰዓቱ እየሄደ ነው» ብቻ አሉ።

ፈንታዬ ተቆጥታ ትሄዳለች ብለው ሁሉም ጠብቀው ነበር። እሷ ግን ለሕፃኗ የገዛችውን ነጭ ቀሚስ ከብብቷ አወጣችና ለየዓለምዘርፍ ዘረጋችላት። ልትነካት እንደፈራች ከእጇ ያስታውቅ ነበር፤ ቢሆንም ሰጠቻት።

የዓለምዘርፍ ወደ ምዕራብ ዞራ በሕፃኗ ፈንታ ሰይጣንን ካደች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራም አምናለሁ አለች። ድምጿ ከቅጥሩ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት አለቀሰች፣ ሜሮኑን ሲቀቧት ዝም አለች። ስሟ ወለተ ጽዮን ተባለ።

ከድግሱ አሥራ አንድ ሰው ቀረ። ሥርጉት ቆጥራለች፤ ስማቸውንም ይዛለች። የመጡትም ቢሆኑ የዓለምዘርፍ ከተቀመጠችበት መደብ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት፤ ከፊቷ ያለው መሶብ ለብቻዋ የቀረበ መሰለ። እሷ ሕፃኗን በግራ ክንዷ እንደያዘች በቀኝ እጇ መብላት ጀመረች። አልተቻኮለችም። አምባቸው በር ላይ ሆኖ ጠላ ሲቀዳ ብዙ ጊዜ አያት። በመጨረሻ ጋኑን ለሌላ ሰው ተወና እጁን ታጥቦ መጣ። ከጎኗ ተቀመጠና ከፊቷ ካለው እንጀራ ቆርሶ ወጡን አጥቅሶ ጎረሰ። ሁለተኛውን ቆርሶ እሷን አጎረሳት፤ ቤቱ ሙሉ ሰው እያየ።